ወፏ እኔ ነበርኩ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ዕድሜ ልኳን አብራኝ ለኖረችው ሚስቴ አልነገርኳትም። መካ ድረስ ሄጄ እንኳ ለሰው ጆሮ ሳላወጣው ተመለስኩ። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ ከፋም ለማም የሚሰማቸው አያጡም። እኛ ተውባ የምናደርገው ለአላህ ብቻ ነው፤ መካከል ገብቶ የሚሰማ ሰው የለም። እኔ ደግሞ በስተርጅና ሰው እንዲሰማኝ ፈለግሁ። እንግዲህ ይህን የምታነቡ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። አይዞህ ማለት ግን አይፈቀድላችሁም።

ሰው ገድያለሁ። ስሙ በዳሳ ነበር፤ ጓደኛዬ ነበር። የገደለው አገር ነው ተብሎ ቀረ፤ አገር ደግሞ አይታሰርም። እኔም አልታሰርኩም። እስከ ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ሐጂ ሸረፋ እየተባልኩ፣ ጎረምሳ ከወንበሩ እየተነሳልኝ፣ ባልና ሚስት እያስታረቅሁ እኖራለሁ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ለእኔ ግን የተነጠፈልኝ በሚያውቁኝ አገር ነው። ያውቁናል የምንላቸው ሰዎች ምናችንን ነው የሚያውቁት?

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ኮልፌ የከተማው ጫፍ ነበረች፤ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወዲያ ያለው ገጠር ነው። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ አጎቴ ቆዳ ነጋዴ ነበር። የበግና የፍየል ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ግቢያችን ውስጥ ይሰጣል፤ ልብሳችንም ምግባችንም እሱን እሱን ይሸታል። ዋናው ትርፉ ግን በጓሮ በር የሚገባው የጉሬዛ ቆዳ ነበር። ያ ጥቁርና ነጭ ጠጉር በዚያን ጊዜ ለፈረንጅ የማይጠገብ ነገር ነው። ብዙ ቆዳ ተገጣጥሞ ይሰፋና ምንጣፍ ይሆናል፤ መሃል ከተማ በየመደብሩ መስኮት ይሰቀላል፤ ቱሪስቱ ጠቅልሎ አገሩ ይዞት ይገባል።

ከቀራንዮ ወደ ምዕራብ በፈረስ ረፋዱን ሙሉ ሲሄዱ የሚደረስበት የመንግሥት ደን ነበር። ጥድና ዝግባ ነው፤ ውስጡ ድኩላ አለ፣ ከላይ ከላይ ደግሞ ጉሬዛ ይዘላል። አንድ ፈረንጅ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ወደዚያ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። መንግሥት ለአውሬ የሚበጅተው ገንዘብ የለውም፣ እንግዲያው ደኑ ራሱን በራሱ ያስተዳድር አለ። እሑድ እሑድ ከከተማ የሚመጣ ጎብኚ በር ላይ ይከፍላል፣ በፈረስ ይዞራል፣ ጉሬዛውን አይቶ ይመለሳል። ከሚገባው ገንዘብ የጠባቂዎች ደመወዝ ይወጣል። ድርሻው ተለይቶ ደግሞ ደኑ ጥግ ለሰፈሩት ጢሰኞች ይሰጣል፤ እነሱ በበኩላቸው ዛፍ ላይቆርጡ፣ ከብት ላያስገቡ፣ አውሬ ላይነኩ ቃል ይገባሉ። ሽርክና ነው። ዛሬ በሬዲዮ ስለ እንዲህ ያለ ሽርክና ማውራት ሲጀምሩ ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ።

ያ ድርሻ ለጢሰኞቹ ትርፍ አልነበረም፤ ሕይወት ነበር። የባለርስቱን የመሬት ኪራይ የሚከፍሉት ከእሱ ነው። ኪራይ ያልከፈለ ጎጆው ይፈርስበታል፣ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ተቋርጦ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ በቁሙ የደረቀበት ዓመት ነበር።

እኔ ፈረስ አውቃለሁ፣ ኦሮምኛ እችላለሁ፣ ከፈረንጅ ጋር መግባቢያ የምትሆን እንግሊዝኛም ለቃቅሜ ነበር። የጠባቂዎች አለቃ አድርገው ቀጠሩኝ፤ አስተርጓሚውም እኔው ሆንኩ። ውሉ ከመታሰሩ በፊት ፈረንጁ ጠራኝና፣ አውሬ የሚገድል ሰው ቢነሳ በምን እንይዘዋለን ሲል ምክር ጠየቀኝ። እኔ ብልጡ መለስኩለት። አውሬ ሞቶ ከተገኘ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ የመንደሩ ድርሻ ይያዝ፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል አልኩት። ሐሳቡ የእኔ ነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ለጢሰኞቹ ሳስተረጉምላቸው አንድ ረጅም ሰው ከመሃል ተነሳ። በዳሳ ነው፤ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያወቅሁት።

«አንድ ሰው ቢሰርቅ መንደሩ ሁሉ ለምን ይራባል? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ውሉ ሊፈርስ ሆነ። እኔም ወደ እሱ ዞሬ፣ «በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እኔ እያለሁ ማን ይሰርቃል? በእኔ ይሁንብህ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «እንግዲያው ባንተ ነው፣ ሸረፋ» ብሎ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ ሌላውም ተቀመጠ።

በኋላ ከእኔ ስር ጠባቂ ሆኖ ገባ። ሳምንቱን እዚያው ስለምሰነብት ማደሪያዬ የእሱ ቤት ሆነ። ሚስቱ ጫልቱ ሥጋ ስትሠራ «ያንተ ሃይማኖት ያረደውን ነው የገዛሁት፣ ብላ» ትለኛለች። ትኩሳት ይዞኝ ስንቀጠቀጥ በዳሳ በጀርባው አዝሎ እስከ ቀራንዮ መንገድ አውርዶኛል። አንድ ቀን ደግሞ ቆጥ ላይ የተጠቀለለ ነገር አውርዶ ፊቴ ዘረጋ። የጉሬዛ ቆዳ ነው። አባቱ ፈረስ ሲቀመጡ ኮርቻው ላይ ያነጥፉት የነበረ፣ ለልጃቸው ያወረሱት። እንዳይደርቅ በየዓመቱ በቅቤ ያሸዋል፤ ጠጉሩ ትናንት የተገፈፈ ይመስል ነበር። «ፈረንጁ ካየው አይገባውም። አንተ ግን ወንድሜ ነህ» አለኝ። ማንም ሰው ቤት ገብቼ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም።

እዚያው ሰሞን ነው ጉሬዛ መግደል የጀመርኩት።

ለምን? ድሃ ነበርኩ እንዳልል አልነበርኩም። ደመወዜ ቀርቶብኝ አያውቅም። አጎቴ አንድ ቀን እየሳቀ፣ «በረኛው አንተ ሆነህ ቆዳ ከጅማ ማስመጣቴ አያሳፍርም?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እሺ አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚከብድ ምክንያት ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጥይት ይጮኻል፣ ቆዳም ይበሳል። ስለዚህ ለውሃ ወደሚወርዱበት ምንጭ ሄጄ የሽቦ ወጥመድ እዘረጋለሁ፤ የተያዘውን ቆዳው እንዳይበላሽ ማጅራቱን በቆመጥ እለዋለሁ። አንዷ ልጅ ታቅፋ ነበር። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው። እናቲቱን ስመታት ልጇ ደረቷን አልለቅም አለ። ጎትቼ አላቀቅሁትና እሱንም ከድንጋይ ጋር አጋጨሁት። ዝም ብዬ ትቼው መሄድ እችል ነበር፤ ቆዳው ለምንም አይሆንም። ግን ይጮህ ነበር፤ ጩኸቱን ሰው ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ። ስፈራ እጄ ምን እንደሚሠራ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ሥጋውን ገደል ጥዬ ቆዳውን ከኮርቻ ስር ሸጉጬ ኮልፌ እወርዳለሁ። እሑድ ጧት ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ «ዝም በሉ፣ እንዳይበረግጉ» እያልኩ ለጎብኚዎች ጉሬዛ አሳያለሁ። አንዲት ፈረንጅ ዛፉ ላይ ስታያቸው እንባዋ መጣ። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ልትሰናበተን መጣች፤ መኪናዋ ውስጥ የአጎቴ ምንጣፍ ተጠቅልሎ አየሁት። እሷም ወደደቻቸው፣ እኔም ኖርኩባቸው፤ ያለቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

አንድ እሑድ የጎብኚዎች ውሻ ገደሉ ውስጥ ገብቶ የጣልኳቸውን ጎትቶ አወጣ። ቆዳ የሌለው ጉሬዛ የሰው ሕፃን ይመስላል። ሴቶቹ ጮኹ። ፈረንጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ፤ ከዚያ ተነሥቶ በውሉ መሠረት የመንደሩን ድርሻ ያዘው። የኪራዩ ቀን ደርሶ ነበር። የባለርስቱ ሰው በየበሩ እየዞረ «ካልከፈላችሁ ዕቃችሁን አውጡ» ማለት ጀመረ። አጥቢያ ዳኛው ሌባው ይውጣ ብሎ አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝን የማታውቁ ወጣቶች ትኖሩ ይሆናል። በዚያን ዘመን ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎች ይመረጡና ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እነሱ ፊት ያልፋል፤ እንደ ሃይማኖቱ ይምልና የሚያውቀውን በጆሯቸው ይናገራል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይገለጥም፤ ወፍ ነው የሚባለው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። በወፍ ላይ መልስ የለም፤ ወፍን ማን ብሎ ይሞግታል?

ሜዳው መንደሩ ጥግ፣ ጥላ የሚባል የሌለበት ነበር። ፀሐዩ አናት አናት ይላል። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀመጡ። ማንም የማያልባቸው ላሞች ጡታቸው ተወጥሮ ከየጋጣው ሲያገሱ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ውሃ ልጠጣ ብለው ከመስመር ሲወጡ የዳኛው ሰዎች በጅራፍ ፊታቸውን መቷቸው፤ ደማቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ተመልሰው ተቀመጡ። መሸ፣ ነጋ፣ ደገመ። ሰው ሁሉ አለፈ፤ ወፍ ግን ምንም አላለችም። ምን ትበል? የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥማቱና ቁጣው ሲብስ አንድ ሰው ከኋላ፣ «ጠባቂ ሳያውቅ አውሬ እንዴት ይሞታል? እነሱ ለምን አያልፉም?» ብሎ ጮኸ። ዳኛው፣ «ጠባቂም ሰው ነው፣ ይለፍ» አለ። በዳሳ ከፊቴ ነበር። አልፎ ሲመለስ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከንፈሩ በጥማት ተሰነጣጥቆ እንኳ ፈገግ አለልኝ።

እኔም ሄድኩ። በቁርአን ማልኩ። ጎንበስ ብዬ በአንደኛው ሽማግሌ ጆሮ፣ «የበዳሳ ቤት ቆጡ ይታይ» አልኩ።

ገደለ አላልኩም። ሰረቀ አላልኩም። ብልጠቴን ታዘቡልኝ፤ መሐላዬን ሳላፈርስ ሰው መግደል ፈልጌ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ፤ እኔ የላከክሁት ያዘለኝ ጀርባ ላይ ነው። ያን ቆጥ ያየሁት እንግዳ ሆኜ ነው። እንጀራቸውን በልቼ፣ ወንድሜ ተብዬ ነው ያየሁት። ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ ሌሊት ብትቀሰቅሱኝ ያንኑ ድምፅ በዚያው ልክ ማውጣት እችላለሁ።

የቀሩትም ጠባቂዎች አልፈው ሲያበቁ ሽማግሌው ተነሥተው፣ «ወፍ የበዳሳን ቤት አሳየች» አሉ። ሰዎች ሮጡ። ሲመለሱ ቆዳው በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጠጉሩ በቅቤው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ጫልቱ «ያባቱ ነው! ያማቴ ነው!» እያለች ከኋላቸው ትሮጣለች። ማን ይስማት? ያ ሁሉ ጥማት፣ ያ ሁሉ ጅራፍ፣ የሚፈርሰው ጎጆ ሁሉ ምክንያቱ ተገኘ።

ዳኛው «እሰሩት» አለ። አላሰሩትም። መጀመሪያ የመታው በማግስቱ ከነልጆቹ ሊባረር የነበረ ጎረቤቱ ነው፤ በዱላ አፉን አለው፤ ጥርሱ ረገፈ። ሁለተኛው ክንዱን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከሩቅ ተሰማ። ሴቶችም ድንጋይ ያዙ። በዳሳ አልሸሸም። እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሰው መሃል ይፈልግ ነበር፤ የሚፈልገው እኔን ነው።

«ያባቴ ነው! ሸረፋ ያውቃል! ሸረፋን ጠይቁት!»

ሰው ወደ እኔ መዞር ጀመረ። ያልመታሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዱላዬን አንሥቼ መታሁት። ትከሻው ላይ ነው ብዬ ለራሴ ለብዙ ዓመት ስዋሽ ኖሬያለሁ፤ አንገቱ ስር ነው። ወደቀ። በደረቱ እየተሳበ መጥቶ እግሬን ያዘ። ዱላውም እንደ ተአምር ቆመ። ሁሉም የምለውን ጠበቀ።

ይህን ለይታችሁ ያዙልኝ። ዱላው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፤ ያባቱ ነው፣ አውቀዋለሁ። ይህን ብል ይተርፍ ነበር። ተሰብሮ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ግን ይተርፍ ነበር። በዳሳ ቀና ብሎ፣ «ንገራቸው እንጂ ሸረፋ» አለኝ። ደም እያፈነው ነው የተናገረው። ከነገርኳቸው ቀጥሎ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ታዲያ የገደለው ማነው? ወፏስ ማናት? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዓይኑን እያየሁ ነው።

ወደቅሁበት። በሙሉ ገላዬ ተዘርግቼ ወደቅሁበትና፣ «ሌባም ቢሆን ወንድሜ ነው፣ ተዉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ገባችሁ? ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሙ ሌባ ካለው በኋላ ምን ይጠበቃል? ዱላው ተመለሰ፤ ጥቂቱ ጀርባዬ ላይ አረፈ፣ የቀረው በግራና በቀኝ እሱ ላይ ወረደ። በዳሳ ከስሬ ሆኖ ሊናገር አፉን ሲከፍት በመዳፌ ከደንኩት። ነከሰኝ። አጥብቄ ያዝኩት። ትኩስ ትንፋሹ ደሙን እየቀላቀለ በጣቶቼ መካከል ይወጣ ነበር። ዓይኖቹ ከእኔ ዓይን አልተነሡም፤ መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር፣ ቀጥሎ ገባቸው። ያንን ቅጽበት አየሁት። ከዚያ በኋላም አልለቀቅሁትም። ዳኛው ወደ ሰማይ ተኩሶ ሕዝቡ ሲበተን ትንፋሹ ቆሞ ነበር። ዱላው ይግደለው መዳፌ ይግደለው አትበሉኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ።

በሳምንቱ የመንደሩ ድርሻ ተለቀቀ። ኪራዩ ተከፈለ፤ ማንም አልተፈናቀለም። ፈረንጁ መጥቶ በሐዘን እጄን ጨበጠኝ፤ ጥርስ ያረፈበት መዳፌ በጨርቅ ታስሮ ነበር። ፖሊስ መጣ፤ አገር ነው የገደለው ተባለና ሄደ። እኔም ለአጎቴ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቆዳ አላመጣም አልኩት። ጸጸቴ መሆኑ ነው። ታዲያ ጉሬዛ መሞት ሲያቆም ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «አያችሁ፣ ሌባው በዳሳ ነበር» አለ። ጽድቅ የመሰለኝ ነገር እንኳ የእሱን ስም ዳግመኛ ቀበረው። እሑድ እሑድ ጎብኚው ይጎርፍ ነበር፤ ሽርክናው ሠመረ ተባለ።

እኔም ጀግና ሆንኩ። «ጓደኛው ሌባ ሆኖ እንኳ የወደቀበት፣ ዱላውን በጀርባው የተቀበለ» ተብሎ ታሪኬ ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ ተወራ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩኝና፣ ወፍን መግለጥ ነውር ቢሆንም ይህን ስማ አሉኝ። በዳሳ ያን ቀን ሲያልፍ «ስለ ሌላው አላውቅም፣ ሸረፋ ግን አይደለም፤ ስለ እሱ እኔ እምላለሁ» ብሎ ነበር። ሽማግሌው ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ በጆሯቸው ያንሾካሾክሁት ሽማግሌ ሌላ ነበሩ፤ እሳቸው ወፏ እኔ መሆኔን አያውቁም።

ጫልቱን የሌባ ሚስት ብለው ከመንደር አስወጧት። ኮልፌ መጣች። ከግቢያችን ጀርባ አንድ ክፍል ፈልጌ አስገባኋት፤ ለእኔ ሌላ ምስጋና ሆነልኝ። ከተማው ቆሻሻውን ከሚደፋበት ከቆሼ ጠርሙስና ቆርቆሮ ስትለቅም ኖረች፣ ኋላም ጎመን ሸጠች። ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ያባቱ መሆኑን አንተ ታውቃለህ፣ አይደል?»

«አውቃለሁ» እላታለሁ።

«እንግዲያው አብረን እንሂድና ለሽማግሌዎቹ ንገርልኝ። ስሙ ይጥራልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልልም።»

«ትንሽ ነገሩ ይረጋጋ» እላታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በየዓመቱ ጠየቀችኝ፣ በየዓመቱ ይረጋጋ አልኳት። ጃንሆይ ወረዱ። መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ባለርስቱም ዳኛውም ሄዱ። ፈረንጁ አገሩ ገባ፤ በሩ ተነቀለ፣ ደኑም በመጥረቢያ አለቀ። አጎቴ ሞተ። የምፈራው ሰው በምድር ላይ አልቀረም። ያኔስ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። የምፈራው ለካ እስር አልነበረም፤ ከወንበራቸው የማይነሡልኝን ቀን ነበር።

ሐጅ ልሄድ ስል እንደ ወጉ ጎረቤቱን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያልኩ ዞርኩ። በዲናችን የሰውን ሐቅ አላህ ብቻውን አይምርም፤ ባለሐቁ ይቅር ማለት አለበት። ጫልቱ በር ላይም ደረስኩ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። «አውፍ በይኝ» ብቻ አልኳት።

ሳቀችብኝ። «አንተ ደግሞ! ምን በደልከኝና? ባሌን አገር ሁሉ ሲከዳው የወደቅህበት አንተ ብቻ ነህ። እንዴት ነው የምትሉት እናንተ፣ አውፍ ነው? በል፣ አውፍ ብያለሁ። ሺህ ጊዜ አውፍ።»

ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም ተቀብዬ ሄድኩ። ያልነገሩትን በደል ይቅር ማሰኘት ይቅርታ ነው ወይስ ሌላ ስርቆት? መልሱን እያወቅሁ ነው የምጠይቃችሁ።

ጫልቱ ዘንድሮ አረፈች። ዘመድ ስላልነበራት ድንኳኑ በእኔ ደጅ ተተከለ። ወንድሟ እሱ ነው እየተባለ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ መጣ፤ «እግዜር ያጥናህ»፣ «አላህ ያጽናህ» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤቶች ከብበውኝ ተቀምጠው ሳለ አንዷ፣ «ሐጂ፣ የባለቤቷን ነገር እስቲ ይንገሩን፤ እነዚህ ልጆች አልሰሙም» አለችኝ። ሁሉም የምለውን ጠበቀ። ነገርኳቸው። ሬሳዋ አፈር ከገባ ገና ቀን ሳይሞላው፣ ያንኑ የሚያውቁትን፣ ያንኑ ውሸት ነገርኳቸው። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ፤ አንዱ መጥቶ እጄን ሳመኝ።

እንግዲህ ጫልቱ ልትሰማው የፈለገችውን ቃል እሷ ከሞተች በኋላ እጽፈዋለሁ። ያ ቆዳ የበዳሳ አባት ንብረት ነበር። በዳሳ ጉሬዛ ገድሎ አያውቅም። ጉሬዛውንም እሱንም የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ወፏም እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ፈርቼ ነበር አልልም፣ ሕዝቡ ነው አልልም። እናንተንም አውፍ በሉኝ አልላችሁም፤ ሐቁ የእናንተ አይደለም። ባለሐቁ በዳሳ ነው። እሱ ደግሞ አውፍ ሊለኝ የሚችልበትን አፍ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ።